ለድግስ የተሠራ ቤት

ሄልሲንግላንድ ከስዊድን ዋና ከተማ ከስቶክሆልም በስተ ሰሜን፣ በባቡር ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘው የሚደርሱባት የደንና የወንዝ አገር ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ የነበረ ኑሮ የሞላለት ገበሬ እንግዳን ግራ የሚያጋባ ነገር ያደርግ ነበር። በግቢው ውስጥ፣ ከሚኖርበት ቤት አጠገብ፣ ከመኖሪያው የማያንስ ሌላ ቤት ይሠራል። ግንዱን አስጠርቦ፣ መስኮቱን አስፍቶ፣ ሠዓሊ ከሩቅ አስመጥቶ ግድግዳውን በሥዕል ያስሞላዋል። ከዚያ ይቆልፈዋል። ቤተሰቡ የሚበላውም የሚተኛውም በሌላው ቤት ነው። የተሣለው ቤት የሚከፈተው ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲሞት ወይም ትልቅ በዓል ሲደርስ ነው። ሁለተኛ ቤት ለመሥራት አቅም ያነሰው ደግሞ በመኖሪያው ቤት ውስጥ አንድ ሁለት ክፍል፣ አንዳንዴም ፎቁን በሙሉ፣ ለዚሁ ለይቶ ይዘጋ ነበር።

ሄልሲንግላንድን በዓለም ያሳወቃት ይህ ልማድ ነው። በ2012 ዩኔስኮ በእሷና በወሰኗ ካሉት የገበሬ ቤቶች መካከል ሰባቱን በዓለም ቅርስነት መዘገበ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰባቱ ክሪስቶፈርስ፣ የስትጂቫርስ፣ ፓላርስ፣ ዮን-ላርስ፣ ቦርቶም ኦአ፣ ቦማርስ እና ኤሪክ-አንደርስ ይባላሉ። ከእነዚህ ሌላ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የዚሁ ዓይነት አሮጌ የገበሬ ግቢዎች በአውራጃዋ እስከ ዛሬ ቆመዋል።

ቤተ መንግሥት ቢጠበቅ አያስደንቅም፤ ጠባቂና በጀት አለው። እዚህ የቆየው ግን የገበሬ ቤት ነው፤ ያውም እሳት በአንድ ሌሊት ሊበላው የሚችል የእንጨት ቤት። እንዴት ተረፈ? ከተረፈ በኋላስ ምን ይሁን? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ግን ወደ እሱ ለመድረስ መጀመሪያ ቤቱንና ባለቤቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

የሄልሲንግላንድ ገበሬ ጭሰኛ አልነበረም። መሬቱም ደኑም የገዛ ርስቱ ነበር። በስዊድን ፓርላማ ውስጥም ገበሬዎች እስከ 1860ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከመኳንንቱ፣ ከካህናቱና ከከተማ ነዋሪዎቹ ጎን ለጎን የራሳቸው ምክር ቤት ነበራቸው። ስለዚህ የዚህ አገር ገበሬ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሄድ ሰው ነበር። የሚታረሰው መሬት ግን በየወንዙ ሸለቆ የተወሰነ ጠባብ መሬት ነው፤ ሞቃቱ ወራትም አጭር ነው። ሀብቱ የመጣው ከከብት፣ ከደን፣ ይበልጡንም ከተልባ ነው።

እኛ ተልባን የምናውቀው በፍሬው ነው፤ እነሱ የሚፈልጉት አገዳውን ነበር። ተልባው ከነሥሩ ይነቀላል፤ አገዳው እንዲላላ በእርጥበት ይቆያል፤ ከደረቀ በኋላ ይቀጠቀጥና ውስጡ ያለው ቃጫ ይወጣል። ለዚህ ከባድ ሥራ በየጅረቱ ዳር በውኃ ኃይል የሚንቀሳቀሱ መቀጥቀጫዎች ነበሯቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው የሴቶቹ ድርሻ ነው፤ ማበጠር፣ መፍተል፣ የተልባ እግር ጨርቅ መሸመን። የአውራጃዋ ተልባ እጅግ ከመታወቁ የተነሣ በ1729 ፍሉር በሚባል ስፍራ ትልቅ የጨርቅ ፋብሪካ ተቋቁሞ ነበር። ስለነዚህ ቤቶች ሲነገር የገበሬው ኩራትና የሠዓሊው እጅ ብዙ ይወሳል። ለሠዓሊው የተከፈለው ገንዘብ ግን በብዛት የወጣው ከሴቶች እንዝርት ነው፤ ይህ በሚገባው መጠን ሲነገር አይሰማም።

ቤቱ የሚሠራው ከጥድ ግንድ ነው። ግንዶቹ ተጠርበው አንዱ በሌላው ላይ ይጋደማሉ፤ ማዕዘኑ ላይ ጫፋቸው ተቦርቡሮ እርስ በርስ ይቆላለፋል። ግድግዳውን አጥብቆ የሚይዘው ምስማር ሳይሆን የግንዱ የራሱ ክብደት ነው። ከላይ የሚጋደመው ግንድ በሆዱ በኩል ከዳር እስከ ዳር ቦይ ይወጣለታል፤ የታችኛው ጀርባ እዚያ ውስጥ ይገባል። በመካከላቸው ነፋስ እንዳያልፍ ከድንጋይና ከዛፍ ላይ የተለቀመ የደረቀ ሽበት ወይም የተልባ ቃጫ ይጠቀጠቃል። ጣሪያው ላይ በርች ከሚባለው ዛፍ የተላጠ ልጥ ይነጠፋል፤ ይህ ልጥ ውኃ አያሳልፍም፣ ቶሎም አይበሰብስም።

እንዲህ ያለ ቤት ይፈታል። እያንዳንዱ ግንድ ቁጥር ወይም ምልክት ተደርጎበት ይወርዳል፤ በበረዶ ላይ በፈረስ ይጎተታል፤ ሌላ ቦታ በነበረበት ተራ ይደረደራል። በስዊድን ገጠር ይህ ብርቅ ነገር አልነበረም። በ1827 የወጣው የመሬት ድልድል ሕግ በየቦታው የተበጣጠሰውን የእያንዳንዱን ገበሬ ማሳ ወደ አንድ ሲያሰባስብ ብዙ ገበሬዎች ቤታቸውን ነቅለው ከመንደሩ ወጥተው አዲሱ መሬታቸው ላይ ተክለዋል። ይህን ማወቅ ኋላ ለሚመጣው ነገር ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ቤትን ለማዳን ሲታሰብ ለስዊድናውያን መጀመሪያ የታያቸው መንገድ ፈትቶ መውሰድ ነበር።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ሠዓሊዎቹ ብዙዎቹ ከጎረቤት አውራጃ ከዳላርና የሚመጡ ነበሩ። እዚያ መሬቱ ድሃ ስለነበር ሰዎች ሥራ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ብሩሽ የሚችለው በብሩሹ ያድራል። ሠዓሊው ቤቱን እስኪጨርስ ድረስ ከባለቤቱ ጋር ይበላል፣ ይተኛል። ሥዕሉን በግንዱ ላይ፣ በተወጠረ የተልባ እግር ጨርቅ ላይ ወይም በወረቀት ላይ ይሥላል። የሚሣለው ብዙውን ጊዜ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነው፤ ነገሥታቱና ነቢያቱ ግን የሠዓሊው ዘመን ሰዎች የሚለብሱትን ልብስ ለብሰው፣ በሠረገላና በፈረስ፣ የስዊድን ከተማ በሚመስል ከተማ ውስጥ ይታያሉ። በመካከላቸው አንድ ግዙፍ አበባ ይዘረጋል፤ ቅጠሉ ጠመዝማዛ፣ ከሰውም ከቤትም የሚልቅ። መነሻው በትንቢተ ዮናስ ላይ ያለው፣ እግዚአብሔር በነቢዩ ራስ ላይ ጥላ እንዲሆን ያበቀለው ቅል ነው። ያ ቅል በስዊድን ሠዓሊዎች እጅ ከልጅ ልጅ እያደገ የዳላርናና የሄልሲንግላንድ ጥበብ መለያ ሆነ።

ሌላም ወግ ነበር። በከተማ የባለጸጋ ቤት ግድግዳ በሐር ይለበጣል፤ ዓምዱ እብነ በረድ ነው። የገጠሩ ገበሬ ይህን በቀለም አገኘው። ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ወረቀት ላይ ቀለም እየመታ ሠዓሊው የሐሩን አበባ ከጣሪያ እስከ ወለል ይደረድራል፤ በላባና በጨርቅ እየነካካ የእብነ በረድ ሥር ያወጣል። በቫልስታ የሚገኘው የየስትጂቫርስ የግብዣ ቤት የዮናስ ቫልስትረም እጅ ነው፤ የእሱ ንድፍ ጥራት እስከ ዛሬ ያስገርማል። አንዳንድ የጥበብ ሰዎች ይህን ማስመሰል እንደ ድህነት ምልክት ይቆጥሩታል። እኔ አልስማማም። ገበሬው ሐር ቢገዛ ኖሮ ዛሬ ቡናማ የሆነ የጨርቅ ቅሪት ብቻ ባየን ነበር፤ ቀለሙ ግን የአገሩ ሰው የሠራው ስለሆነ የአገሩን ብርሃን ይዞ ቆይቷል።

በጣም የሚገርመው የቆየበት ምክንያት ነው። የድግሱ ክፍል ምድጃ ነበረው፤ የሚነደው ግን በድግስ ቀን ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ክፍሉ ቀዝቃዛ፣ ጨለማና ዝግ ነው። በየቀኑ እሳት የሚነድበት ቤት ውስጥ እንጨቱ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፤ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ ጭሱ ያጠቁረዋል። ቅዝቃዜው ሲዘልቅ ግን እንጨቱ ከወቅቱ ጋር ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ ቀለሙም አብሮት ይቆያል። ገበሬው ለክብር ብሎ የዘጋው በር ሥዕሉን ከመቶ ዓመት በላይ ጠበቀው።

የቦርቶም ኦአ ታሪክ ይህንኑ በሌላ መንገድ ያሳያል። ቤቱ ያለው ፎገልሾ በምትባል ሩቅ የደን መንደር ነው፤ መንደሯን የመሠረቱት ከፊንላንድ መጥተው ደኑን መንጥረው የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ከክፍሎቹ አንዳንዶቹን የሣለው ከዳላርና የመጣ ባረ-ኤሪክ ኤሊያሰን የተባለ ሠዓሊ ነው። በ1910 ቤተሰቡ እዚያው ግቢ ውስጥ አዲስ ቤት ሠርቶ ገባ። አሮጌውን ግን አላፈረሰውም፣ ዕቃውንም አላወጣም። አልጋው፣ ሳህኑ፣ መሣሪያው፣ ልብሱ ባለበት ቀረ። ዛሬ የሚገባ ሰው የሚያየው ሙዚየም ያዘጋጀው ክፍል ሳይሆን ሰዎች ትተውት የሄዱትን ነው።

ሁሉም ቤት እንዲህ አልታደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የመጋዝ ፋብሪካዎች ለደን ብዙ ገንዘብ መክፈል ጀመሩ፤ ፋሽንም ተለወጠ። የፋብሪካ ወረቀት በየግድግዳው ተለጠፈ። ከስዊድን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ከሄልሲንግላንድም ገና በ1846 ኤሪክ ያንሰን የተባለውን ሰባኪ ተከትለው የወጡ ብዙ ሰዎች በኢሊኖይ ግዛት ቢሾፕ ሂል የምትባል መንደር መሥርተዋል። በየቦታው አሮጌ ቤት ተዘጋ፣ ተሸጠ፣ ለማገዶ ተፈለጠ።

ይህን ጥፋት አይቶ የተነሣው ሰው አርቱር ሃዜሊየስ ነው። መምህርና የቋንቋ ሊቅ ነበር። መጀመሪያ የገጠር ልብስና ዕቃ ሰበሰበ፤ ከዚያ ዕቃው ከነቤቱ ካልሆነ ትርጉሙ እንደሚጎድል ገባው። በ1891 ስቶክሆልም ውስጥ ኮረብታ ላይ ስካንሰን የተባለውን የሜዳ ላይ ሙዚየም ከፈተ። ከመላው አገር የተፈቱ የገጠር ቤቶች እዚያ ተተከሉ፤ ከሄልሲንግላንድም የቦልነስ ቤትና የዴልስቦ ግቢ ሄደዋል። ስካንሰን በዓለም ላይ ላሉ ብዙ የሜዳ ላይ ሙዚየሞች አርአያ ሆነ። የሃዜሊየስን ውለታ ማንም ሊክድ አይችልም፤ እሱ ባይወስዳቸው ኖሮ ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ አመድ ነበሩ። ሆኖም የተወሰደ ቤት ጎረቤት የለውም። ማሳው፣ ወንዙ፣ የተልባ መቀጥቀጫው፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ዘመድ ሁሉ ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ ከገጠሩ ከራሱ መጣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በየሰበካው የአገር ቤት ቅርስ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ አገር አቀፍ ኅብረታቸው የተመሠረተው በ1916 ነው። ዛሬ ወደ 2,000 የሚጠጉ ማኅበራት አሉ። ማኅበሩ አንድ አሮጌ የገበሬ ቤት በስጦታ ይቀበላል ወይም ይገዛል፤ አስፈላጊ ከሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ያንቀሳቅሰዋል። በበጋ ቡናና ዳቦ ይሸጥበታል፤ በሰኔ በሚከበረው የበጋ አጋማሽ በዓል ይጨፈርበታል፤ አሮጊቶቹ መፍተል ያስተምሩበታል። በዴልስቦ እንዲህ ባለው ግቢ በየዓመቱ የቫዮሊን ተጫዋቾች ከመላው አገር ይሰበሰባሉ። አባላቱ ደመወዝ የላቸውም፤ ጣሪያ የሚጠግኑትም ሣር የሚያጭዱትም በነጻ ነው። ስለ ቅርስ ጥበቃ ብዙ የተጻፈው ስለ መንግሥትና ስለ ባለሙያ ነው። በስዊድን ገጠር ግን አብዛኛውን ቤት ያቆመው ቅዳሜ ቅዳሜ መዶሻ ይዞ የሚመጣ ጡረተኛ ነው።

ሕጉም አለ። አንድ ቤት በክፍለ ሀገሩ አስተዳደር የቅርስ ሕንፃ ተብሎ ከተመዘገበ ባለቤቱ ያለ ፈቃድ ሊያፈርሰው ወይም መልኩን ሊለውጥ አይችልም። በአንጻሩ በቅርስነቱ ምክንያት ጥገናው ከተለመደው በላይ ሲያስወጣው ለተጨማሪው ወጪ የመንግሥት ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። ፍትሐዊ አሠራር ነው፤ ሕዝብ ከሰው ንብረት ላይ መብት ከወሰደ ወጪውንም ሊጋራ ይገባል።

ስለ ጥገናው ትንሽ ልዘርዝር፤ ቤት የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ላይ ነውና። ከግንድ ቤት ቀድሞ የሚበሰብሰው ከታች መሠረቱ ላይ የተጋደመው ግንድ ነው፤ ከመሬት እርጥበት ይስባል። ባለሙያው ቤቱን በክሪክ ትንሽ ከፍ አድርጎ የበሰበሰውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ያወጣል፤ በዚያው ዓይነት፣ በእድሜም በሚቀርበው ጥድ ይተካዋል። ሙሉውን ግንድ መለወጥ ይቀልላል፤ ግን ጤነኛው እንጨት የቀድሞውን ጠራቢ የመጥረቢያ ምልክት ስለያዘ አይጣልም። ውጭውን የሚሸፍነው ታዋቂው ቀይ ቀለም ፋሉን በምትባል ከተማ ካለው የመዳብ ማዕድን ማውጫ ተረፈ ምርት የሚገኝ ነው፤ ውኃ፣ የእህል ዱቄት፣ የብረት ጨውና የተልባ ዘይት ተቀላቅሎ ይፈላል። ማዕድን ማውጫው በ1992 ተዘግቷል፤ ቀለሙ ግን አሁንም ይመረታል። ዋናው ጠባዩ እንጨቱን አለማፈኑ ነው፤ የገባ እርጥበት በእሱ በኩል ተመልሶ ይወጣል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ብዙ ቤቶች በፕላስቲክ ቀለም ተቀቡ፤ መሠረታቸውም በሲሚንቶ ተለሰነ። ላይ ላዩን ሲያምር ውስጥ ውስጡን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ መቶ ዓመት የቆመው ግንድ በጥቂት ዓመታት በሰበሰ። ከዚህ በኋላ ነው የአሮጌ አናጢዎችና ቀለም ቀቢዎች እውቀት እንደገና የተፈለገው።

እንግዲህ ቤቱ ዳነ። ምን ይሁን? ዝም ብሎ ቢዘጋ ጣሪያውን የሚያየው ሰው ያጣል፤ አንድ የጣሪያ ቀዳዳ በሁለት ዓመት ግድግዳ ያበላሻል። ለሁሉም ቢከፈት ደግሞ ሰው እርጥበት፣ አቧራና ሙቀት ይዞ ይገባል። ያ በቅዝቃዜ የተጠበቀ ሥዕል በእንግዳ ትንፋሽ ይጎዳል። ሄልሲንግላንድ ለዚህ አንድ መልስ የላትም፤ መልሱ በየቤቱ ይለያያል፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው።

ከሰባቱ አብዛኞቹ የግል ንብረት ናቸው። ከሁሉ ትልቁ ዮን-ላርስ ነው፤ ሁለት ወንድማማቾች ለሁለት ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሠሩት። እንዲህ ባሉት ቤቶች ባለቤቶቹ ይኖራሉ፤ ጎብኚ የሚገባው በቀጠሮና በአስጎብኚ ብቻ ነው። በሶደራላ ያለው ኤሪክ-አንደርስ ግን በሩን ሰፋ አድርጎ ከፍቷል፤ የጎብኚ ማዕከል ነው፣ ቡና ይጠጣበታል፣ ትርኢት ይታይበታል። በዬርቭሶ፣ ከክሪስቶፈርስ ብዙም ሳይርቅ፣ ስተነጎርድ የተባለ ሰፊ ግቢ የእጅ ባለሙያዎች መሥሪያ፣ የእፅዋት አትክልትና የቲያትር አዳራሽ ሆኗል፤ የዓለም ቅርሱም ዋና የጎብኚ ማዕከል እዚያ ነው። በአልፍታ ያለው ኡል-አንደርስ ደግሞ ወደ ቢሾፕ ሂል የተሰደዱትን ሰዎች ታሪክ ይነግራል።

እኔ ከእነዚህ ሁሉ የምቀበለው መመሪያ አንድ ነው። አዲሱ አገልግሎት ከቤቱ የቀድሞ ልክ መብለጥ የለበትም። ወጥ ቤት፣ መጸዳጃ፣ ማሞቂያና የኤሌክትሪክ መስመር በጎተራው ወይም በበረቱ ይግባ፤ እዚያ ግድግዳው ይችለዋል። የተሣለው ክፍል ግን ጥቂት ሰው ለጥቂት ሰዓት የሚቀመጥበት ሆኖ ይቆይ፤ ሲሠራም ለዚያ ነበርና። ዓመቱን ሙሉ የሚሞቅ ሆቴል ላድርገው የሚል ባለሀብት ቤቱን እንደሚያድን ቢናገርም የሚያተርፈው የውጭ ቅርፊቱን ብቻ ነው። ሠርግ፣ ሙዚቃ፣ የመንደር ስብሰባ፣ በበጋ የሚከፈት ቡና ቤት፣ ለአንድ ሌሊት የሚያድር እንግዳ፣ እነዚህ ቤቱ ከጥንት የሚያውቃቸው ናቸው። ገንዘባቸው ትንሽ ነው። ትንሽነቱ ግን ቤቱን ለማቆየት የሚከፈለው ዋጋ ነው፤ ቀሪውን ሕዝብና መንግሥት ሊሸፍኑት ይገባል።

በስቶክሆልምና በሌሎች የስዊድን ከተሞች የምትኖሩ የዚህ መጽሐፍ አንባቢዎች በአንድ የበጋ ቅዳሜ ወደ ሰሜን ብትሄዱ ይህን ሁሉ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከመነሣታችሁ በፊት የትኛው ቤት በየትኛው ቀን እንደሚከፈት አጣሩ፤ ብዙዎቹ ከበጋ ውጭ ዝግ ናቸው፣ በአንዳንዶቹም ሰው ይኖራል። ሥዕሉን በእጃችሁ አትንኩ። ቡናውን ግን እዚያው ጠጡ፤ ጣሪያው የሚጠገነው በዚያ ገንዘብ ጭምር ነው።